ካልዲን ዓለም ያውቀዋል፤ ጋኪ ሸሮቾንስ?

ድራኩላን በፊልም ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ደም እየመጠጠ ዘመን የሚሻገረውን ይህን መስፍን የፈጠረው አየርላንዳዊው ደራሲ ብራም ስቶከር ሲሆን፣ መጽሐፉ ለንደን ላይ የታተመው በ1897 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ግን ከሐሳቡ አላመነጨውም። በ1890 ለዕረፍት ዊትቢ ወደምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ሄዶ ሳለ፣ ዊልያም ዊልኪንሰን ስለ ዋላኪያ የጻፈውን አሮጌ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ድራኩላ የሚባል ገዥ አገኘ። ወደደውና ለገጸ ባሕርይው ሰጠው። የስሙ ባለቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬ የሩማንያ አካል የሆነችውን ዋላኪያን የገዛው ሣልሳዊ ቭላድ ነው፤ ከኦቶማን ቱርኮች ጋር የተዋጋ፣ ጠላቶቹን በሾለ እንጨት ላይ እየሰካ በመግደል የታወቀ ጨካኝ ሰው። ቫምፓየርነቱ ግን የስቶከር ድርሰት ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር የእኛው ካልዲ ትዝ ይለኛል። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ ያየው የካፋው እረኛ! በቡና ከረጢት ላይ አለ፣ በካፌ ስም አለ፣ ቶኪዮም ሆነ ኒውዮርክ ቡና የሚቆላ ሰው ታሪኩን ይተርክላችኋል። ከድራኩላ ኋላ ቭላድ ካለ፣ ከካልዲ ኋላስ ማን አለ?

ማንም የለም። የታሪኩ ጥንታዊ የሚባለው ጽሑፍ የወጣው ከሮም ነው። አንቶኒዮ ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለ የማሮናይት ክርስቲያን ምሁር በ1671 ስለ ቡና ጥቅም በላቲን አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ እረኛው አለ፣ ሌሊቱን ሲዘሉ የሚያድሩት እንስሳት አሉ፣ ፍሬውን አፍልተው ጠጥተው ለጸሎት የሚነቁ መነኮሳትም አሉ። እረኛው ግን ስም የለውም። እንስሳቱ ግመሎች ይሁኑ ፍየሎች ጸሐፊው ራሱ አልለየም። አገሩም የመን ነው! ካልዲ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። አንዳንዶች ነገሩ የሆነው በ850 ነው እያሉ የሚጽፉትንም የሚደግፍ የዘመኑ ጽሑፍ የለም። በጽሑፍ የምናገኛቸው ቀደምት ቡና ጠጪዎች የ15ኛው ክፍለ ዘመን የየመን ሱፊዎች ናቸው፤ ሌሊቱን በዚክር ለማደር ይጠጡት ነበር።

ይህን የሰማ የካፋ ሰው ቅር እንዳይለው። ተረቱ እረኛውን ቢፈጥርም ጫካውን አልፈጠረም፤ ለእኔ የሚያስደንቀውም ይሄኛው ነው። የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 ተክሉን «አራቢካ» (የዓረብ) ቢለውም፣ በዱር የሚበቅለው በዋናነት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ ነው። በ2024 የወጣ የዘረመል ጥናት እንደሚለው አራቢካ የተወለደው ከ600 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው፤ አንደኛው ወላጅ ዛሬ ሮቡስታ የምንለው ነው። ሁለቱም ወላጆች 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው ልጁ የሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ወርሶ 44 ይዟል። ያኔ እረኛ ቀርቶ የዛሬው የሰው ዘር ራሱ በምድር ላይ አልነበረም።

ከካፋዋ ከተማ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ደቻ ወረዳ ውስጥ ማንኪራ የሚባል ደን አለ፤ ካፋዎች የቡና መገኛ ብለው የሚያሳዩት እሱን ነው። የጫካ ቡና የጓሮ ቡና አይመስልም። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል፣ ፍሬውም እዚህም እዚያም ጣል ጣል ያለ ነው። ለቃሚው ግንዱን ወደ ራሱ ጎንበስ አድርጎ ይይዘዋል። ቀዩን ፍሬ በሁለት ጣት ጫን ስትሉት የሚያዳልጥ፣ ጣፋጭ ልጋግ የለበሱ ሁለት ዘሮች ሹልክ ብለው ይወጣሉ። ዩኔስኮ በ2010 የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

አሁን ደግሞ ካልዲን ስንተርክ የረሳነውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። ድራኩላ ለንደን ላይ በወጣበት በዚያው በ1897 ካፋ ውስጥ አንድ ንጉሥ በጫካ ይታደኑ ነበር፤ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ፣ የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ። «ታቶ» የካፋ ነገሥታት ማዕረግ ነው። ካፋ ለዘመናት ራሱን ችሎ የኖረ፣ ዳር ድንበሩን በጥልቅ ጉድባና በእንጨት አጥር ያጠረ፣ በሮቹን በዘበኛ የሚያስጠብቅ መንግሥት ነበር። ንጉሡም እንዳሻቸው አይወስኑም፤ ሚክረቾ የሚባል የመማክርት ጉባኤ ነበራቸው።

በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የአፄ ምኒልክ ጦር ካፋ ላይ ሲዘምት የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ነበር። ካፋዎች የነበራቸው ጠመንጃ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው የተዋጋው በጦር ነው። ጉድባው ሲሰበር ንጉሡ እጅ አልሰጡም፤ ደኑን ተገን አድርገው ለወራት ተሰወሩ። የተያዙት በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው፤ በብር ሰንሰለት ታስረው እንደተወሰዱ ይነገራል። በግዞት እንዳሉ አረፉ፤ ካፋን ዳግመኛ አልገዙም።

ጦርነቱ ሕዝቡን ክፉኛ ጎድቶታል፤ በአውዳሚነቱ በጣም የሚጠቀስ ዘመቻ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በ1905 ካፋን ሲጎበኝ መንግሥቱ ከወደቀ ገና ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ስለ ሥርዓቱና ስለ ነገሥታቱ ያገኘውን ሰብስቦ በጀርመንኛ ትልቅ መጽሐፍ አደረገው። የካፋ ዘውድ ደግሞ በምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ አገሩ ተመልሷል። ፊልም የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ እባካችሁ ይህን ታሪክ ንገሩልኝ!

ቦንጋ የምትሄዱ ከሆነ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙን እዩ። ከዚያ አንድ የአገሩን ሽማግሌ አስቀምጣችሁ ስለ ጉድባዎቹና ስለ ጋኪ ሸሮቾ ጠይቋቸው። የካልዲ ታሪክ አቦሉ ሳይቀዳ ያልቃል፤ የንጉሡ ግን በረካው ተጠጥቶም ገና ነው።