የጣት አሻራና የንግድ ውል

ፊርማ ሊካድ ይችላል፤ ማኅተምም ተመስሎ ሊቀረጽ ይችላል። ጣት ግን ከባለቤቱ የማይለይ ስለ ሆነ፥ ሰውን በገላው ምልክት ለይቶ የማወቁ ጥበብ ገና ከጥንስሱ ከንግድ ውል ጋር የተያያዘ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በሕንድ አገር በቤንጋል ሹም የነበረው እንግሊዛዊ ዊልያም ሄርሸል፥ ራጅያድሃር ኮናይ ከሚባል ተቋራጭ ጋር የመንገድ መሥሪያ ጠጠር ስለ ማቅረብ በተዋዋለ ጊዜ፥ ሰውዬው መዳፉን ቀለም ቀብቶ በውሉ ጀርባ ላይ እንዲያትም አደረገው። አሳቡ ተቋራጩ ፈርቶ ውሉን እንዳይክድ ነበር እንጂ መስመሮቹን ለመመርመር አልነበረም። ዓመታት ባለፉ ጊዜ ግን መስመሮቹ እንደማይለወጡ ስለ ተረዳ፥ በ1877 በሁግሊ አውራጃ ጡረታ የሚቀበሉና ሰነድ የሚያስመዘግቡ ሰዎች አሻራቸውን እንዲሰጡ አዘዘ።

የዛሬው መሣሪያ ሥዕልን ከሥዕል ጋር አያስተያይም። የጣት መስመር የሚያልቅበትንና ለሁለት የሚከፈልበትን ነጥብ እየለቀመ፥ አቀማመጡን ወደ ቁጥር ለውጦ ይመዘግባል። ሰውዬው ዳግመኛ ጣቱን ሲያኖር፥ አዲሱ ከቀድሞው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያመዛዝናል። ጣት በተጫነ ቁጥር ጥቂት ስለሚዛነፍ፥ ፍጹም አንድ መሆን አይጠበቅም፤ የሚፈለገው ከተወሰነ ልክ ማለፉ ነው። ልኩ ዝቅ ካለ ባዕድ ሰው ሊያልፍ ይችላል፤ ከፍ ካለም ባለቤቱ ራሱ ይከለከላል። ከድንጋይና ከሲሚንቶ ጋር የሚውል ሠራተኛ መስመሮቹ ስለሚፋቁ ብዙ ጊዜ በዚህ ይቸገራል። በአገራችን የፋይዳ መታወቂያ ሲሰጥ ከዐሥሩ ጣቶች ጋር የሁለቱ ዓይኖች አሻራና የፊት ምስልም ይወሰዳል፤ አንዱ ቢደበዝዝ ሌላው ይረዳልና።

ሠራተኞቹን በአሻራ የሚቆጣጠር ነጋዴም አንድ ነገር ልብ ይበል። የምሥጢር ቁጥር ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ የተሰረቀ የአሻራ መዝገብ ግን ባለቤቱን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። እንዲህ ያለውን መዝገብ እንደ ገንዘብ ሣጥን መጠበቅ፥ ሠራተኛው ሲሰናበትም መደምሰስ ይገባል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ግን የውሉ ነው። መሣሪያው የሚመልሰው ጣቱ የማን እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ባለጣቱ የፈረመበትን ተረድቶት እንደ ሆነ አይናገርም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 መፈረም የማይችል ሰው በፊርማ ፈንታ የጣቱን አሻራ እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ነገር ግን ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዐይነ ስውር ያደረገው አሻራ፥ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር አያስገድደውም። ስለዚህ ማንበብ ለማይችል የእህል አቅራቢ ቀብድ ከፍሎ፥ በሱቁ ጓዳ አሻራ አስደርጎ ወረቀቱን የቆለፈ ነጋዴ፥ ክርክር ሲነሣ አሻራው የዚያ ሰው መሆኑን በመሣሪያ ቢያስመሰክር እንኳ ውሉ ላይጸናለት ይችላል። ወደ ውል አዋዋይ መሄድ የሚገባው ቀብዱ ከመከፈሉ አስቀድሞ ነው፤ ውሉም አቅራቢው በሚሰማው ቋንቋ ይነበብለት።