በማን ቋንቋ፣ በማን ፈቃድ? ብዝኃነትና ውክልና በሁለት የእገታና የጠለፋ ፊልሞች

ስለ ፊልምና ብዝኃነት ሲነሣ ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ «እነማን ታዩ?» የሚል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መታየት ብቻውን ውክልና እንደማይሆን፣ መመዘኛው የመናገር ድርሻና የባለታሪክ ፈቃድ ሊሆን እንደሚገባ በሁለት ፊልሞች አማካይነት ያስረዳል።

የመጀመሪያው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዕይታ ያበቃው «ገነትና ሲኦል» የተሰኘ የወንጀል ፊልም ነው። መነሻው የአሜሪካዊው ኤድ ማክቤይን ልብ ወለድ ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው በዮኮሃማ ነው። አጋቹ የባለጸጋው ልጅ መስሎት የሾፌሩን ልጅ ይወስዳል። ባለጸጋው ኮረብታ ላይ፣ ድኾቹ ከሥሩ ይኖራሉ፤ የመደብ ልዩነቱ ከመልክዓ ምድሩ ይነበባል። ሆኖም ሾፌሩ በአብዛኛው የሚሰማው ሲማጸን ነው፤ የልጁን ዕጣ የሚወስነው አሠሪው ነው። በአንድ የጭፈራ ቤት ትዕይንት የሚታዩት የውጭ አገር ሰዎችም የቦታው ድባብ ሆነው ያልፋሉ። ታይተዋል፤ አልተናገሩም። በአንጻሩ በመጨረሻው ትዕይንት አጋቹ ፊት ለፊት የመናገር ዕድል ያገኛል፤ ፊልሙ ክብደቱን የሚያገኘውም ከዚህ ነው።

ሁለተኛው የዘረሰናይ ብርሃነ «ድፍረት» ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። መሠረቱ በአርሲ የተፈጸመ እውነተኛ ድርጊት ነው፤ የ14 ዓመት ልጃገረድ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ፣ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተጠላፊዋን በሕጋዊ ጋብቻ ላገባ ጠላፊ ከቅጣት ማምለጫ ይሰጥ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን አስቀርቷል።

ፊልሙ ለገጠር ሴት ልጅ ድምፅ መስጠቱ አያጠያይቅም። ነገር ግን ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው የቋንቋ ነው፦ ድርጊቱ ኦሮምኛ በስፋት በሚነገርበት አካባቢ ቢፈጸምም የፊልሙ ቋንቋ አማርኛ ነው። ምርጫው ሰፊ ተመልካች ያስገኛል፤ ልጅቷ በፖሊስና በፍርድ ቤት ፊት ሊገጥማት የሚችለውን የቋንቋ አጥር ግን ይሰውራል። ሁለተኛው የፈቃድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 በአዲስ አበባ የተዘጋጀው የመጀመሪያ ዕይታ፣ እውነተኛዋ ባለታሪክ ባነሣችው አቤቱታ ምክንያት በፍርድ ቤት እግድ ተቋረጠ። ስለ መብቷ የተሠራው ፊልም ራሱ የመብት ጥያቄ አስነሣ።

ጉዳዩ ቦንጋ ላይ ሆነን ለምናጠና ሰዎች ሩቅ አይደለም። ካፋ ሲነሣ ቡናውና እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው ደኑ ይቀድማሉ። በዞኑ ግን ካፊቾ፣ ናኦና ጫራ ይኖራሉ፤ ከሌላው ጋር ማዕድ መቁረስና መጋባት ሲከለከል የኖረው የማንጃ ማኅበረሰብም አለ። አንድ የፊልም ባለሙያ የማንጃን ጎጆ ከደኑ ጋር አስውቦ ቢያሳይ፣ ሰዎቹ ግን በካፊኖኖ ስለ ራሳቸው ሳይናገሩ ቢቀሩ፣ አድልዎውን በውብ ምስል ደገመው እንጂ አላጋለጠውም።

ስለዚህ የውክልና ጥናት የታዩትን ከመቁጠር አልፎ ሦስት ነገሮችን ሊመረምር ይገባል፦ የታሪኩን አቅጣጫ የሚወስነው ማን ነው? በየትኛው ቋንቋ ይናገራል? ባለታሪኩስ ፈቅዷል? የመጨረሻው ጥያቄ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ሊመለስ ይገባዋል፤ ለቃለ መጠይቅ ወደ መንደር የምንወጣ ተመራማሪዎችንም እኩል ይመለከታል።