አረንጓዴው ኮት እና የአጎቴ ማልያ

ሀዋሳ፣ ንጋት 12 ሰዓት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሯጩ ይሮጣል፣ ገመድ የሚዘለው ይዘላል፣ እኔ ግን አንዷን እግሬን አንስቼ እስካስቀምጥ ዓመት ይመስላል። የሚያልፉ ልጆች «ይሄ ሰውዬ ሪፕሌይ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። አልፈርድባቸውም። ታይ ቺ ከሩቅ ሲያዩት በቴሌቪዥን ቀስ ብሎ የሚደገም ጎል ነው የሚመስለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈር ጨዋታ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ወጌሻውም ሐኪሙም ዞሮ ዞሮ ያሉኝ አንድ ነው፤ «ቀስ በል»። እኔም ቀስ የሚባልበትን ስፖርት ፈልጌ አገኘሁ። ቻይናዎች እ.ኤ.አ በ1956 ረጅሙን ባህላዊ ታይ ቺ አሳጥረው 24 እንቅስቃሴ ብቻ አድርገውታል፤ ስድስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዋናው ጨዋታ የሰውነትን ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳይንገዳገዱ ማሻገር ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? እስቲ ሞክሩት! የሚስቅ የማንቼ ደጋፊ ካለ ደግሞ ራያን ጊግስን ያስታውስ። እ.ኤ.አ በ2014 በ40 ዓመቱ ጫማ እስኪሰቅል ድረስ ዮጋ ይሠራ ነበር።

ታዲያ በየማለዳው የምለብሰው የአጎቴን ማልያ ነው። ሀዋሳ ከተማ በ1999 ዓ.ም ለሁለተኛ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ አጎቴ ለብሶት ጨፍሯል፤ እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ የድስት መያዣ ልታደርገው ስትል ነው ከእጇ የነጠቅኳት።

ጎልፈኞች በዚህ ነገር ይበልጡናል። በአሜሪካው ማስተርስ ውድድር ከእ.ኤ.አ 1949 ጀምሮ ለአሸናፊው አረንጓዴ ኮት ይሰጣል። ሻምፒዮኑ ኮቱን ቤቱ የሚያቆየው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ለክለቡ ይመልሳል። በ1961 ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጋሪ ፕሌየር ግን አገሩ ይዞት ሄዶ ሳይመልስ ቀረ፤ የክለቡ ኃላፊ ስልክ ደውሎ እስኪጠይቀው ድረስ። አስቡት፣ ለአንድ ኮት ውቅያኖስ ተሻግሮ ስልክ!

እኛስ? አዳነ ግርማ እና ሽመልስ በቀለ የዚህች ከተማ ልጆች ናቸው። አዳነ እ.ኤ.አ በ2013 ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለሱ ዛምቢያ ላይ ያቺን የአቻነት ጎል አግብቷል። እኔ የዚያን ዘመን የሀዋሳ ማልያ ያየሁት ግን በሻንጣ ሥር ታጥፎና በግንበኛ ጀርባ ላይ ሲሚንቶ ጠጥቶ ነው። ለምን ደጋፊው ራሱ ሰብስቦ አንድ ግድግዳ ላይ አይሰቅለውም? ሚስማርና መዶሻ ነው የሚያስፈልገው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ቆሙ። ስቀው የሚያልፉ መስሎኝ ነበር።

«የ99ኙ ነው?» አሉኝ፣ እጅጌዬን ነካ አድርገው።

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ የ96ቱ አለኝ። የመጀመሪያው ዋንጫ!»

በማግስቱ ለብሰውት መጡ። ብብቱ ሥር ተተርትሯል፣ ሆዳቸው ላይ ጠቧል። ጎኔ ቆመው አንድ እግር ሲያነሱ ተንገዳገዱና ትከሻዬን ያዙ። ልጆቹ አሁን የሚስቁት በሁለታችን ነው።