በአመዳይ አገር የሚነዳ ፒክ አፕ እንዴት ይመረጣል?

የአማርኛ ቋንቋ የሚማር ሰው ስለ ብርድ አገር ኑሮ ለመጻፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ አስቀድሞ የሚቸግረው የቃል ነገር ነው። በእኛ በኩል በክረምት ቆርቆሮ እየደበደበ የሚወርደውም፥ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም፥ በሰሜን አገሮች እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውም ሁሉ በረዶ ይባላል። ትግርኛም በረድ ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። ለመኪና ነጂ ግን ልዩነቱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ረግቶ እንደ መስተዋት የሚያንሸራትተውን በረዶ፥ እንደ ጥጥ ወርዶ የሚከመረውን ደግሞ አመዳይ እያልን እንጠራዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ እጅግ ብዙ ቤተ ሰቦች በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨርና በጎረቤቷ በኦሮራ፥ እንዲሁም በሚኔሶታ ግዛት በሚኒያፖሊስና በሴይንት ፖል ከተሞች ይኖራሉ። ከእነርሱም መካከል እንጀራቸውን በመኪና የሚያገኙ ጥቂቶች አይደሉም። አባወራው ፒክ አፕ ለመግዛት ወደ ሻጭ በሄደ ጊዜ፥ በተጨማሪ ዋጋ የሚገጠሙት ዕቃዎች ዝርዝር በፊቱ ይዘረጋለታል። ዝርዝሩ ረጅም፥ የቤተ ሰቡ ገንዘብ ግን አጭር ነው። ሻጩም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወድሰው መኪናውን የሚያስኬደውን ዕቃ ነው። ብልህ ገዢ ግን ተራውን ገልብጦ፥ «ይህ ዕቃ ለማቆም ይረዳኛልን? ለመዞርስ? ለመሄድስ?» ብሎ ይጠይቃል። የዚህም ጽሑፍ ምክር በሙሉ በዚህ ተራ ላይ የቆመ ነው።

ምክንያቱ በሒሳብ ይገለጣል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፥ ፍሬኑ ከተያዘበት ቦታ ጀምሮ በደረቅ አስፋልት ላይ በ14 ሜትር ገደማ ይቆማል። በተረገጠ አመዳይ ላይ 50 ሜትር ያህል፥ በበረዶ ላይ ደግሞ 100 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መኪና ሁሉ የሚቆመው በአራቱም እግሮቹ ፍሬን ስለ ሆነ፥ ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉና ባለ አንዱ በዚህ በኩል እኩል ናቸው። ሁለት ዲፈረንሻል መኪናን ያስነሣል እንጂ አያቆምም። እንዲያውም መኪናው በቀላሉ ስለሚነሣ ነጂው መንገዱ ምን ያህል እንደሚያንሸራትት ሳያስተውል ይፈጥናል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የተባለው በዚህ ስፍራ ይደርሳል፤ በበረዶ ላይ የፈሰሰ ሕይወት ግን አይለቀምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለጎማ ይውጣ። የተራ ጎማ ላስቲክ፥ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየወረደ ሲሄድ ይደርቃል። የክረምት ጎማ ግን በብርድ ለስልሶ እንዲቆይ ሆኖ የተሠራ ነው፤ በፊቱ ላይ ያሉትም ጥቃቅን ስንጥቆች አመዳዩን ይነክሳሉ። ገዢው በጎማው ጎን ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና በውስጡ የአመዳይ ቅንጣት የተሣለበትን ምልክት ይፈልግ፤ ይህ በአመዳይ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ምልክት ነው። ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻ ቢጻፉበት ግን፥ ፊደላቱ የጥርሱን ቅርጽ ይናገራሉ እንጂ መፈተኑን አያረጋግጡም። የክረምት ጎማ በአራቱም እግር ላይ ይገጠም፤ በፊት ብቻ የተገጠመበት መኪና በመታጠፊያ ላይ ኋላው ይከዳዋል። በዝርዝሩ ላይ የሚያብረቀርቀውን ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ትቶ ባለ 17 ኢንቹን መውሰድም ብልኅነት ነው፤ ጎማው በዋጋ ይረክሳል፥ ጠበብ ያለውም ጎማ አመዳዩን ቆርጦ ወደ መንገዱ ይደርሳል፤ ሰፊው ግን በላዩ ይንሳፈፋል።

የኮሎራዶ ሕግ ይህንኑ ይመሰክራል። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ኢንተርስቴት 70 የሚባለው ጐዳና፥ በ1973 ዓ.ም. በተከፈተው በአይዘንሃወር ዋሻ በኩል 3,400 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተራራውን ያልፋል፤ ይህም ከጣርማ በር እንኳ ይበልጣል። በ2019 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፥ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው ክፍል ላይ ከሴፕቴምበር 1 ቀን እስከ ሜይ 31 ቀን ድረስ የሚጓዝ መኪና፥ ባለ ሁለት ዲፈረንሻልም ቢሆን፥ የጎማው ጥርስ ጥልቀት ከኢንች 3/16 ማነስ የለበትም፤ ይህም 5 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው።

ከማቆም ቀጥሎ መዞር ይመጣል። መኪናው ሲንሸራተት እያንዳንዱን ፍሬን ለብቻው እየያዘ አቅጣጫውን የሚያቃናው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፥ በአሜሪካ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአነስተኛ መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኖአል። ስለዚህ ያገለገለ ፒክ አፕ የሚገዛ ሰው ሞዴሉን ይመልከት። ደግሞም የፒክ አፕን ጠባይ ይወቅ፤ ሞተሩና ጋቢናው በፊት ስለ ሆኑ፥ ባዶውን ሲነዳ ኋላው ቀላል ነው። መድኀኒቱም ርካሽ ነው። 100 ወይም 150 ኪሎ የሚመዝን አሸዋ በጆንያ አድርጎ ከኋላ እግሮች በላይ ማስቀመጥና አጥብቆ ማሰር ይበቃል። ያልታሰረ ጆንያ በግጭት ጊዜ ወደ ጋቢናው ይወረወራል። መኪናው ቢያዝም አሸዋው ከጎማው ሥር ይበተናል።

በሦስተኛው ተራ የማስኬጃው ዕቃ ይመጣል። ሁለት ዲፈረንሻል በአመዳይ አገር ዋጋውን ያወጣል፤ ነገር ግን ዓይነቱ ይለያያል። አንዱ ነጂው ሲፈልግ ብቻ የሚያስገባው ነው። ይህ በደረቅ አስፋልት ላይ አይሠራበትም፤ በመታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ እግሮች የሚሄዱት ርቀት ስለሚለያይ ማርሹ ይጨነቃል። ሌላው መንሸራተቱን ራሱ ዐውቆ የሚገባ ነው። አንዱ ጐዳና ተጠርጎ ሌላው ሳይጠረግ በሚቆይበት ከተማ ለሚኖር ቤተ ሰብ ይህ ሁለተኛው ይመቻል። የኋላውን ዲፈረንሻል የሚቈልፈው መሣሪያ ደግሞ ከተያዘ ስፍራ ቀስ ብሎ ለመውጣት ይጠቅማል፤ በፍጥነት ለመዞር ግን አደገኛ ስለ ሆነ ወዲያው ይፈታ።

መሄድ የሚቻለው ግን ሞተሩ ሲነሣ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ብርድ ባትሪ ከኀይሉ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ የሞተሩም ዘይት ይወፍራል፤ ናፍጣም ሰም እየሠራ ማጣሪያውን ይደፍናል። ስለዚህ ለሚኔሶታ ነዋሪ ጠንካራ ባትሪና ሌሊት ከቤት ኤሌክትሪክ ጋራ ተያይዞ ሞተሩን የሚያሞቀው መሣሪያ ከቆዳ መቀመጫ ይቀድማሉ። የሚሞቅ ስፖኪዮም ቅንጦት አይደለም፤ በበረዶ የተሸፈነ ስፖኪዮ እንደሌለ ይቈጠራልና።

በፒክ አፑ አመዳይ እየጠረገ ገንዘብ ሊያገኝበት የሚያስብ ሰው፥ ለመጥረጊያ የሚያዘጋጀውን ዕቃ ከፋብሪካው ይዘዝ። ይህም ጠንካራ የፊት ሞላና ትልቅ ዲናሞ የሚጨምር ነው። የብረት መጥረጊያው ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝንና ክብደቱ በፊት እግሮች ላይ ስለሚያርፍ፥ መኪናው በፊት የሚችለውን ክብደት ሳያጣሩ መግጠም መኪናውን መስበር ነው። በመንገድ ላይ የሚበተነውም ጨው ሻንሲን ስለሚበላ፥ መኪናው ከሥሩ አዘውትሮ ይታጠብ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም መኪና ሁሉን አይችልም። በ2022 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር መጨረሻ በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማና በአካባቢዋ በወረደው ብርቱ የአመዳይ ማዕበል ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በመኪናቸው ውስጥ ነበሩ። ለእርዳታ የወጡት መኪናዎች ሳይቀሩ በአመዳይ ተይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ብርድ ልብስ፥ አካፋ፥ ውሃና ምግብ በጋቢናው ውስጥ ይኑር። መኪናው ከተያዘ ማርሚታው በአመዳይ እንዳይደፈን መጥረግ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መርዘኛው ጭስ ወደ ውስጥ ገብቶ ተኝተው ያሉትን ሳይሰሙት ይገድላቸዋል።

እንግዲህ ባልና ሚስት የሻጩን ዝርዝር በመካከላቸው አድርገው ሲመካከሩ፥ በፊት ጎማውን፥ ቀጥሎ አቅጣጫ አቃኙን፥ ከዚያ ሁለቱን ዲፈረንሻልና ሞተር ማሞቂያውን ይቍጠሩ፤ የተረፈ ገንዘብ ካለ ያን ጊዜ ስለ ቀለሙና ስለ ቆዳው ይነጋገሩ። ባለሥልጣን ነጂዎች ከመንገድ እንዲርቁ ባዘዘበት ቀን ግን ፒክ አፑ በግቢው ይቁም፤ የሥራ ቀን ይተካል፥ አባወራ ግን አይተካም።