ልጃችሁ «ያዛሙት እየተማርኩ ነው» ስትላችሁ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት መጥታ «ያዛሙት እየተማርኩ ነው» ብትላችሁ ምን ትሏታላችሁ? ብዙዎቻችን «መጀመሪያ ባግሩትሽን ጨርሺ፤ ንግዱ ይደርሳል» እንላለን። ባግሩቱስ ይቅደም። ግን ያዛሙት ሱቅ መክፈት ብቻ አይደለም። የሰውን ችግር አይቶ መፍትሔ መፈለግ፣ ያንንም ሠርቶ ለገበያ ማቅረብ ነው። «ያዛሚም ጽዒሪም» በሚባለው ፕሮግራም ለምሳሌ ተማሪዎች እንደ ትንሽ ድርጅት ሆነው ይቋቋማሉ፤ አንድ ዕቃ ሠርተውም ይሸጣሉ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የገጠማትን እንንገራችሁ። አያቷ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ዕብራይስጥ አያነቡም። ልጅቷ ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህ የክኒን ሣጥን ልሥራ ብላ ተነሣች። ሥዕሉን ሣለች፣ ስም አወጣችለት፣ ጓደኞቿም ወደዱት። መምህሯ ግን «አያትሽን ጠይቀሻል?» አለቻት። አልጠየቀችም።

ሰንበት ከወጣ በኋላ ሄዳ ጠየቀች። «ሰዓቱንማ አውቀዋለሁ ልጄ» አሏት። «አንዱ ከቁርስ በኋላ፣ አንዱ ከራት በኋላ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ካርቶኑ ነው። ባለፈው ወር የግፊቱ ቀይ ነበር፤ አሁን ሰማያዊ ሰጡኝ። ክኒኑ እንደሆነ ሁለቱም ነጭ ነው። በምን ልለየው?»

ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። ያው መድኃኒት ከሌላ ፋብሪካ ሲመጣ ስሙም መልኩም ይለወጣል። የማያነብ ሰው ደግሞ የሚያውቀው በቀለሙ ነው።

የሚጮኸው ሣጥን በዚያው ቀረ። ቡድኑ አሁን የያዘው በካርቶኑ ላይ የምትለጠፍ፣ ሲጫኗት በአማርኛ «እማማ፣ ይሄ የግፊት ነው፤ ጠዋት አንድ» የምትል ትንሽ ዕቃ ነው። ድምፅ የምትቀዳ እንዲህ ያለች ነገር በመጫወቻ ሱቅም አትጠፋም። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በተሳሳተው ካርቶን ላይ ብትለጠፍስ? ሣጥኑ ባይጮህ መድኃኒቱ ይዘገያል፤ ይህች ብትሳሳት ግን ሰው ትጎዳለች። ግማሾቹ ፈርተው ወደ ሣጥኑ እንመለስ አሉ። ልጅቷ ድምፁ በቤት ሳይሆን በቁፓት ሆሊም ፋርማሲ፣ ፋርማሲስቱ እያየ ይቀዳ ትላለች። እስካሁን አልተስማሙም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከትምህርቱ ሁሉ የበለጠው ይኸው ክርክር ነው።

ለነገሩ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ጀበናና እንስራ ይሠሩ ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር እንስራ አዝሎ አገሩ እንደማይገባ አዩ፤ ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ይሸጡለት ጀመር። ያዛሙት ያስተማራቸው የለም። ልጆቻችሁ ይህን ሰምተው ይሆን?

ልጃችሁ መጥታ ስትጠይቃችሁ «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ» ብላችሁ አትሸኟት። የሚያስቸግራችሁን ንገሯት፤ ያሰበችውም የማይረባችሁ ከሆነ አይረባኝም በሏት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ ሐሳቡ በእርግጥ አዲስ ከሆነና ፓተንት ይወጣለት ከተባለ፣ ማመልከቻው ሳይገባ በፌስቡክ ወይም በአደባባይ መታየቱ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል። ፓተንት በእስራኤል ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ይጠብቃል። እንግዲህ በሠርግ ላይ «ልጄ እንዲህ ያለ ነገር ፈጠረች» ብላችሁ ከማውራታችሁ በፊት መምህሯን ጠይቁ።