ፒስቶኑ ሲሰፋ ኮምፕሬሽኑም ይወጣል

የአሮጌ ቮልስን ጉልበት ለመጨመር ብዙዎች የሚመርጡት ሰፋ ያለ ፒስቶንና ሲሊንደር መግጠም ነው። 1600 የሚባለው ሞተር ሲሊንደሩ 85.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ፒስቶኑ ከታች እስከ ላይ 69 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ስፋቱ 94 ሲደረግ ሞተሩ ከ1,585 ወደ 1,915 ሲሲ ያድጋል። ለዚህ ጭማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ታውቆ ነው። የኮምፕሬሽን ምጣኔ ግን ማንም ሳያዝዘው አብሮ ይወጣል፤ ስለዚህ ሞተሩ ከመገጣጠሙ በፊት ተለክቶና ተሰልቶ መታወቅ አለበት እላለሁ።

ምጣኔው ፒስቶኑ ታች ሲሆን ከበላዩ ያለው ቦታ፣ ላይ ሲደርስ ከሚቀረው ቦታ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይነግረናል። የሚቀረው ቦታ በቴስታታው ውስጥ ያለው ጎድጓዳና ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ አፍ በታች የሚተወው ስስ ክፍተት ነው። ጎድጓዳው 50 ሲሲ፣ ክፍተቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። በ85.5ቱ ሲሊንደር ፒስቶኑ 396 ሲሲ ይጠርጋል፤ ክፍተቱ 8.6 ሲሲ ይይዛል። ጠቅላላውን 454.6 ለ58.6 ብናካፍል 7.8 ገደማ ይመጣል። ጎድጓዳውንም ክፍተቱንም እንዳሉ ትተን 94ቱን ብንገጥም ግን ጠረጋው 479፣ ክፍተቱ 10.4 ሲሲ ይሆንና ምጣኔው 8.9 ይደርሳል። ውሃ ለሚያቀዘቅዘው ሞተር ይህ ላያስጨንቅ ይችላል። ሙቀቱን በአየርና በዘይት ብቻ የሚያስወግድ ሞተር ግን ሲግል ድብልቁ ነበልባሉን ሳይጠብቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ሲብስም ፒስቶኑ ይበሳል።

ከፍ ያለ ኮምፕሬሽን ጉልበት ይሰጣል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል የሚለው ሙግት እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች በስሱ አየር ሞተሩ የበለጠ ይችላል መባሉም መሠረት አለው። ነገር ግን ያው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል፤ ስሌቱ መኪናው ለሚደርስበት ዝቅተኛ ስፍራ መሠራት አለበት። ምጣኔው በጌጅ ይለካል ለሚሉ፣ ጌጁ የሚያነበው ግፊትን ነው። ግፊት ደግሞ ቫልቩ በሚዘጋበት ጊዜ፣ በባትሪው ብርታትና በከፍታው ይለዋወጣል፤ መልሱም የሚመጣው ሁሉ ነገር ከተገጣጠመ በኋላ ነው። በዕቃው ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥርም አያስተማምንም፤ ፊቱ በማሽን የተጠረበ ቴስታታ ጎድጓዳው ጠቧል። የሚያዛልቀው ካንዴላውንና ቫልቮቹን ዘግቶ፣ የጎድጓዳውን አፍ ቀዳዳ ባለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከድኖ፣ በሲሪንጅ ቀጭን ዘይት እየሞሉ ሲሲውን መቁጠር ነው።

የ94ቱን ምጣኔ ወደ 8 ለማውረድ ከሲሊንደሩ ሥር ስስ የብረት ቀለበት ማስገባት ይቀላል፤ ክፍተቱ 2.65 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ቁጥሩ ይሳካል። እኔ አልመክረውም። ጠባቡ ክፍተት ፒስቶኑ ሲወጣ ዳር ያለውን ድብልቅ ወደ መሃል ገፍቶ ያማስለዋል፤ ቃጠሎውም ስለሚፈጥን ማንኳኳቱ ይቀንሳል። ቢያደክምና ወጪ ቢያበዛም ክፍተቱን 1.5 ላይ ትቶ ጎድጓዳውን ወደ 58 ሲሲ ማስፋት ይሻላል። አራቱ ጎድጓዳዎች እኩል ካልሆኑ ስሌቱ በትንሹ ይሠራ፤ ቀድሞ የሚያንኳኳው እሱ ነውና።