መተንፈስ ያቃተው ሳልባቲዮ

ሞተር አንድ ሊትር ነዳጅ አቃጥሎ በጨረሰ ቁጥር በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ የአንድ ሊትር ያህል ቦታ ይለቀቃል፤ ይህንን ቦታ ከውጭ የሚገባ አየር ካልተካው በውስጡ የቀረው አየርና የነዳጅ ተን የሰፋውን ቦታ ለመሙላት እየሳሳ ስለሚሄድ ግፊቱ ከከባቢ አየር ግፊት በታች ይወርዳል። ቫኪዩም የሚባለው ይኸው ከውጭው ያነሰ ግፊት ነው፤ ፍጹም ባዶነት ማለት አይደለም፣ ተሽከርካሪን መንገድ ላይ ለማስቀረትም ፍጹም ባዶነት አያስፈልግም። በጋራዦች ከጣሊያንኛ በተወረሰ ስም ሳልባቲዮ እየተባለ የሚጠራው የነዳጅ ታንክ ስለዚህ ነዳጅ መያዣ ብቻ ሳይሆን ነዳጁ ሲጎድልበት አየር የሚያስገባ፣ ሙቀት ሲበዛበት ደግሞ ተኑን የሚያስወጣ፣ በአጭሩ መተንፈስ ያለበት ዕቃ ነው።

የዘይት ቆርቆሮ ከፍቶ የቀዳ ሰው የነገሩን ፍሬ ሐሳብ ያውቀዋል። በአንድ ቀዳዳ ብቻ የተበሳ ቆርቆሮ ሲዘነበል ዘይቱ እየተቆራረጠ ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም፤ በተቃራኒው ጥግ ሁለተኛ ቀዳዳ ሲበሳለት ግን አየሩ በአንዱ እየገባ ዘይቱ በሌላው ሳይቆራረጥ ይንቆረቆራል። የተሽከርካሪ ታንክም ሁለተኛውን ቀዳዳ በአንድ መልክ ወይም በሌላ ይዞ የሚሠራ ሲሆን፣ ችግሩ የሚጀምረው ይህ ቀዳዳ የተደፈነ ዕለት ነው።

የሚደርሰው ጉዳት ነዳጁ ወደ ሞተሩ በሚሄድበት መንገድ ይለያያል። ካርቡራተር ባላቸው በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ታንኩ ከሞተሩ በላይ ስለሚቀመጥ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል እንጂ የሚገፋው ፖምፓ የለውም። በታንኩ ውስጥ ያለው የቤንዚን ወለል ከካርቡራተሩ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢገኝ ነዳጁን ወደ ታች የሚነዳው ግፊት 2.2 ኪሎ ፓስካል ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በባሕር ወለል ላይ ካለው 101 ኪሎ ፓስካል የከባቢ አየር ግፊት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ሁለት እጅ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በክዳኑ ላይ ያለችው ጠባብ መተንፈሻ በአቧራና በቅባት ስትደፈን፣ በታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት በዚያችው በጥቂቷ መጠን ዝቅ እንዳለ ፍሰቱ ይቋረጣል፤ ታንኩ ግማሽ ድረስ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ነዳጅ እንዳለቀበት ሁሉ ይጠፋል።

በመኪና ላይ ነገሩ ይከፋል፤ ምክንያቱም የነዳጅ ፖምፓ ቫኪዩሙን እየታገለም ቢሆን መሳቡን ስለማያቆም ግፊቱ ከሞተር ሳይክሉ ይልቅ እጅግ ዝቅ ሊል ይችላል። ዝቅተኛ ግፊት ባለበት ቦታ ቤንዚን በቀላሉ ስለሚተን በፖምፓው አፍ ላይ አረፋ ይፈጠራል፣ ፖምፓውም ከፈሳሽ ጋር ተን እየሳበ ይጮኻል፣ ያረጃልም። የታንኩ ግድግዳ ደግሞ የውጭውን አየር ክብደት ብቻውን ይሸከማል። የ10 ኪሎ ፓስካል ልዩነት በአንድ ስኩዌር ሜትር ላይ አንድ ቶን ያህል ስለሚጭን፣ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የታንክ አንድ ፊት ብቻ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ይጫነዋል። የብረት ታንክ በዚህ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ የፕላስቲኩ ይጣመማል፣ መለጠጥና መኮማተሩ ሲደጋገምበትም ሊሰነጠቅ ይችላል።

የአየር ማነስ ምልክቱ የራሱ ጠባይ አለው። መኪናው ጠዋት በደንብ ይነሣል፣ ጥቂት ኪሎ ሜትሮችም ያለ እንከን ይሄዳል፤ ከዚያም ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲነዳ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። አሽከርካሪው ኮፈን ከፍቶ ካንዴላና ሽቦ ሲነካካ በሚያልፈው ጊዜ ውስጥ አየር በየቀጭኑ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ታንኩ ስለሚገባ ሞተሩ ተመልሶ ይነሣል፣ ምስጋናውም በከንቱ ለተነካካው ሽቦ ይሆናል። በዚህ ጠባዩ የተነሣ በሽታው በተደጋጋሚ በሌላ ስም ይጠራል፤ ፊልትሮ ይቀየራል፣ ነዳጁ ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ይባላል፣ አዲስ ፖምፓ ይገዛል፣ መኪናው ግን በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ይቆማል። ፖምፓ ከመግዛት በፊት ክዳን አለመፈተሽ ከጥገና ስሕተቶች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ከፍታና ዝቅታው በበዛበት አገር ይህ ችግር ሌላ መንሥኤ ይጨመርበታል። ደጋ ላይ ክዳኑ ጠብቆ የተዘጋ የውሃ ፕላስቲክ ቆላ ሲደርስ ጎኑ እንደሚጨማደድ መንገደኛ ሁሉ ያየው ነው፤ መተንፈሻው የተደፈነ ታንክም የሚደርስበት ይኸው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚባል የውጭው አየር ግፊት በ10 ኪሎ ፓስካል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል፣ ታንኩ ግን የደጋውን ስስ አየር እንደያዘ ይወርዳል። የበረሃው ሙቀት ቤንዚኑን እያተነነ ልዩነቱን በከፊል ያካክሰዋል፤ ናፍጣ ግን እምብዛም ስለማይተን ይህን ያህል እፎይታ አይሰጥም። ድልድዩ ታልፎ ወደ ደጀን መውጣት ሲጀመር ሞተሩ ከሁሉ የበለጠ ነዳጅ በሚፈልግበት ሰዓት ታንኩ ከሁሉ የበለጠ ታፍኖ ይገኛል፤ እዚያ የቆመ መኪና ሁሉ ሞቆበት ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ትክክል ላይሆን ይችላል።

በቀድሞዎቹ መኪኖች መፍትሔው በክዳኑ ላይ የተበሳ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ከታንኩ ጫፍ ወደ ውጭ የወጣ ቀጭን ቱቦ ነበር። ይህ አሠራር ለታንኩ ተስማሚ ቢሆንም የቤንዚን ተን ያለ ከልካይ ወደ አየር እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ በአሜሪካ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ለ1970 እ.ኤ.አ. ሞዴሎች፣ በማግስቱ ዓመት ደግሞ በመላ አገሪቱ ተኑን የሚያስቀር መሣሪያ እንዲገጠም ግዴታ ሆነ። በዘመናዊ የቤንዚን መኪኖች ታንኩ የሚተነፍሰው ካኒስተር በሚባል፣ በልዩ ዘዴ ተዘጋጅቶ እጅግ ብዙ ረቂቅ ቀዳዳዎች ባሉት ከሰል በተሞላ ሣጥን በኩል ነው። ከሰሉ ተኑን ይዞ ያቆያል፤ ሞተሩ ሲሠራ ፐርጅ ቫልቭ የተባለው በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ተኑን ወደ ሞተሩ ያሳልፈዋል፣ በሌላኛው ጫፍ ባለው የአየር ማስገቢያ ደግሞ ንጹሕ አየር ይተካል። እንዲህ ባለው መኪና ላይ ክዳኑ በመደበኛው ጊዜ ፈጽሞ የተዘጋ ሲሆን፣ የመተንፈሻው መስመር ቢደፈን ለመጠባበቂያ የሚሆን፣ በስስ ሞላ የተያዘ የጎማ ቫልቭ በሆዱ ይዟል።

ነገሩ የሚበላሸው የአየር ማስገቢያው በጭቃ፣ በአቧራ ወይም በነፍሳት ሲዘጋ ነው፤ ሞተሩ በፐርጅ ቫልቩ በኩል በኃይል እየሳበ ሳለ ከወዲያኛው ጫፍ የሚገባ ምንም ስለማይኖር ታንኩ ከሁለት ወገን ይመጠጣል። ማዝዳ በ2011 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ 65,000 ያህል ማዝዳ 6 መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ መንገዱን የዘጋው ደግሞ በቤንዚን ሽታ የምትሳብ አንዲት ቢጫ ሸረሪት በቱቦው ውስጥ ያደራችው ድር ነበር፤ በድሩ የተነሣ የሚፈጠረው ቫኪዩም ታንኩን ሰንጥቆ ነዳጅ ሊያፈስ፣ እሳትም ሊያስነሣ እንደሚችል ታወቀ። ኩባንያው ሸረሪቷን ይከለክላል ያለውን ሞላ በቱቦው ውስጥ ቢያስገባም ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 42,000 ያህል መኪኖችን ዳግም ለመጥራት ተገደደ።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው ጉልበት አጥቶ ሲቆም፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ የታንኩ ክዳን ቀስ ብሎ ይፈታል። ክዳኑ አልላቀቅ ካለ በኋላ አየር ወደ ውስጥ በረጅሙ ፉጨት ከገባ፣ ሞተሩም ወዲያው ተነሥቶ እንደ ቀድሞው ከሠራ ጥፋቱ ተገኝቷል። ወደ ውጭ የሚወጣ ፉጨት ግን የሙቀት ግፊት እንጂ ቫኪዩም አይደለም፤ በዘመናዊ መኪና ላይ አጭር ሽውታ መሰማቱም የተለመደ ነው። ክዳኑን አላልቶ መንዳት ወይም በመሰርሰሪያ መብሳት የብዙዎች ዘዴ ቢሆንም ጥገና ተብሎ ሊጠራ አይገባውም፤ በቀዳዳው ቤንዚን ይረጫል፣ ዝናብና አቧራ ይገባል፣ በአዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የተን ማምለጫ መኖሩን ኮምፒውተሩ ስለሚያውቅ የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል።

ትክክለኛው ጥገና ከክዳኑ ተጀምሮ መስመሩን ይከተላል። በአሮጌ ክዳን ላይ መተንፈሻው በቀጭን ሽቦ ተጠርጎ ሊድን ይችላል፤ ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የዛገ ክዳን ግን ይቀየራል። ክዳኑ ደኅና ከሆነ ቱቦዎቹ ከታንኩ እስከ ካኒስተሩ ድረስ መታጠፋቸው፣ መጨፍለቃቸውና ጭቃ መያዛቸው ይታያል። በናፍጣ መኪኖች ላይ ካኒስተር ስለሌለ ሥራው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። የፐርጅ ቫልቩን ለመፈተን ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይነሣና ከካኒስተሩ የሚመጣው ቱቦ ከቫልቩ ተነቅሎ ጣት በአፉ ላይ ይደረጋል፤ ቫልቩ በዚያ ሰዓት ዝግ መሆን ስለሚገባው ጣትን የሚስብ ከሆነ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው። ቱቦ በኮምፕሬሰር አየር የሚጠረገው ከሁለቱም ጫፍ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው፤ ያለበለዚያ አየሩ ታንኩን ይነፋል፣ ከሰሉንም እየፈጨ ወደ ቫልቮቹ ይበትነዋል።

ካኒስተርን የሚገድለው ግን ከአቧራው ይልቅ ነዳጅ አሞላል ነው። የማደያው መቅጃ በራሱ ሲያቆም ታንኩ ሞልቷል ማለት ሲሆን፣ ከላይ የሚቀረው ክፍተት ለተኑ የተተወ ነው፤ ወረፋ ጠብቆ ተራው የደረሰው አሽከርካሪ ግን አንድ ሊትርም ብትሆን ትጨመርልኝ ብሎ እስከ አንገቱ ያስሞላል። ትርፉ ቤንዚን በተን መስመሩ ወደ ካኒስተሩ ይገባና ከሰሉን ያርሰዋል፤ በቤንዚን የራሰ ካኒስተር ደግሞ አየር በደንብ ስለማያሳልፍ በአብዛኛው ከመቀየር ውጭ መፍትሔ የለውም።

አዲስ ክዳን የሚገዛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል። የሚተነፍሰውና ፈጽሞ የሚዘጋው ክዳን በጥርሳቸውም በመልካቸውም አንድ ዓይነት ሊሆኑ ስለሚችሉ መግጠሙ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት ክዳኑን ገልብጦ ሆዱ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ ወይም የጎማ ቫልቭ መኖሩን ይመልከት።